በተርታ የደረደርኳቸው ፊደላት

ሐምሌ 2

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የልጅ ልጄ ናት። «አባባ፣ ቀልድህ በከንቱ ከሚባክን ጻፈው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሚሰማኝ ሰው ቀንሷል። ባለቤቴ ከስትሮኩ ወዲህ አትናገርም። አንድ ቃል ብቻ ቀርታታለች፤ «ላ»። ልጅነቷን ያሳለፈችው ዓረብኛ በሚነገርበት ወደብ ነውና «አይሆንም» ማለቷ ነው። ከስንቱ ቃል መካከል ይቺን መርጣ ታስቀር! ሾርባ ሳቀርብላት «ላ»፣ ሾርባውን ሳነሳባት «ላ»። ድሮም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር።

ቀኝ እጇ እስክሪብቶ አይጨብጥም። በግራዋ ስትሞክር ደግሞ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ጣቶቿ ግን አያርፉም። ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብሱን ይደበድባሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከበሮ ከመቼ ወዲህ ነው የተማርሽው?» ስላት አፍጥጣ ታየኛለች።

ሐምሌ 5

ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ መጣች። ገና ከበሩ ሳትገባ ግንባሬን አየች።

«አባዬ፣ ምንድነው ይሄ?»

«የቁም ሳጥኑ በር ነው። ተጣልተን እሱ ቀደመኝ።»

አልሳቀችም። ቁጭ ብላ ያሰበችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ሁለታችንንም ልትወስደን ነው። እሷ ጋ ምድር ቤት ክፍል አለ፣ ነርስ ትመጣለች፣ ደረጃ የለም። እኔ ደግሞ ይህን ቤት፣ ከሥሩ ያለውን የጽሕፈት መኪና መጠገኛዬን፣ መፍቻዎቼን ሁሉ ትቼ በሰው ሶፋ ላይ ልጎለት ማለት ነው።

«እናትሽ ከዚህ መሄድ አትፈልግም» አልኳት።

«በምን አወቅህ?»

«ጠይቂያት።»

ጠየቀቻት። «እማዬ፣ እዚሁ መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«ላ» አለች ባለቤቴ።

«እሷ ለሁሉም ‹ላ› ነው የምትለው» አልኩ ፈጠን ብዬ። ለማስረዳትም «ስምሽ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ላ» አለች። ልጄ ተነፈሰች። ራስ መነቅነቅም አይታመንም፤ ሰማዩ አረንጓዴ ነው ብትባልም ትነቀንቃለች።

በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ባለቤቴ ራሷ፣ በምንም መንገድ ይሁን፣ «እዚሁ እሆናለሁ» ካለች ልጄ ሁለተኛ አታነሳውም። ካላለች ዕቃችንን እናስራለን።

ሐምሌ 9

የንግግር ሐኪሙ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ ካልሲው ተቀዶ አየሁና ወደድኩት። «የሕፃንነት ቋንቋ አንዳንዴ ቀድሞ ይመለሳል» አለኝ። «ዓረብኛ መጻፍ ትችላለች?»

«መጻፍ? መሥሪያ ቤቱ ሁሉ መትረየስ ነበር የሚላት!»

የአስመጪዎች ቢሮ ውስጥ የዓረብኛ ታይፒስት ነበረች። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ በኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ እሷን አሳደጋት፣ እኔን ሥራ አስፈታኝ።

ታዲያ መፍትሔው ከፊቴ ነበር። እጇ እስክሪብቶ ባይዝ ቁልፍ ይነካ የለም? በዓረብኛ ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሩ ወደ እኛ ፊደል ይገለብጥልኛል፣ እኔም አነባለሁ፣ ልጄም ታፍራለች።

ሐምሌ 13

ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ምን ነካቸው? መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሬቱ ራሱ መጥቶ ሳመኝ። ጎኔ ትንሽ ወይን ጠጅ መስሏል። ሸሚዝ ይሸፍነዋል። ስወጣ ባለቤቴ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ነበር። «ዘፈን እየተለማመድኩ ነው» አልኳት።

ሐምሌ 17

የልጅ ልጄ በስልክ፣ እኔ በመነጽር፣ ሙሉ ከሰዓት ኪቦርድ ስንሠራ ዋልን። የራስህን የፊደል አቀማመጥ የምትሠራበት ፕሮግራም አለ። ቁልፉን ትጫናለህ፣ የምትፈልገውን ፊደል ትሰጠዋለህ፣ አለቀ። በእኔ ጊዜ አንዲት ፊደል ለመቀየር ብየዳ ያስፈልግ ነበር።

የፋብሪካውን የዓረብኛ አቀማመጥ ድሮም አልወደውም። ከሥሩ ተኝቼ ስፈታው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፊደላቱ ሰክሮ የገባ ሰው የበተናቸው ይመስላሉ። ለታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ በልጆች መማሪያ ተርታ ደረደርኳቸው፤ ከላይ ከቀኝ ጀምሬ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያልኩ። በሦስት ረድፍ ልክክ አሉ።

«አባባ፣ የድሮውን ብንተውላትስ?» አለች የልጅ ልጄ።

«አንቺ የተወለድሽው መዳፊት ይዘሽ ነው። እኔ ስለ ቁልፍ የማውቀውን አታውቂም።»

«እሺ ባለሙያው።»

ስቲከሩን በወረንጦ ለጠፍኩ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ተርታው ያምራል።

ሐምሌ 19

የመገልበጫውን ሠንጠረዥ ጨረስን። ለእያንዳንዱ የዓረብኛ ፊደል አንድ የእኛ ፊደል መስጠት ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። የእነሱ ሦስት የተለያዩ ፊደላት እኛ ጋ ሲደርሱ ሁሉም «ዝ» ሆኑ። አጫጭር አናባቢዎችን ደግሞ አይጽፏቸውም፤ ስለዚህ የሚወጣው ሁሉ ሳድስ በሳድስ ነው፣ ጥርስ ነክሶ እንደሚናገር ሰው። ይሁን። በዚያው ቢሮ አብራት ዓረብኛ ትመታ የነበረችውን የጓደኛዋን ስልክ አገኛለሁ፣ ትርጉሙን እሷ ትነግረኛለች።

እኔ የማውቀው ዓረብኛ ከጣት አያልፍም። «ላ»፣ ለምስጋና «ሹክረን» እና «ከዛብ»። የመጨረሻዋን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ያኔ የጽሕፈት መኪናዋን ጠግኜ ስወጣ አንዲት ብሎን ላላ አድርጌ እተው ነበር፣ በሳምንቱ እንድታስጠራኝ። የነቃችብኝ ቀን ብሎኗን መዳፌ ላይ አስቀምጣ «ከዛብ» አለችኝ። ውሸታም። ከዚያ ወዲህ የቤት ስሜ እሱ ነው። ነበር።

ሐምሌ 21

ጻፈች!

አልጋው ላይ ደግፌ አስቀመጥኳት፣ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አደረግኩ። ሁለቱም እጆቿ ተዘረጉ። ፊቷ እንዴት እንደበራ! ስክሪኑ ላይ የወጣው፦

ፅዝልዝ ልኽስ

ለጓደኛዋ ደወልኩና ፊደል በፊደል አነበብኩላት። «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። ባለቤቴ ስክሪኑን ዓይኗን አጥብባ አየችው፣ ከስትሮኩ ወዲህ ዓይኗ ደብዘዝ ብሏል። እንደገና መታች። ፅዝልዝ ልኽስ። እንደገና። ከዚያ ኪቦርዱን ገፋችው።

«‹ልክስክስ› ልትይኝ ፈልገሽ ከሆነ ሁለት ፊደል ይቀርሻል» አልኳት። «ላ» አለች።

ሐምሌ 24

ፅዝልዝ ልኽስ።

ሐምሌ 25

ያው። ማታ ማታ አጠፋዋለሁ፤ ለጠዋት ንጹሕ ገጽ እንዲቀበላት።

ሐምሌ 30

ሐኪሙ ጎኗ ተቀምጦ አያት። ወጥተን ኮሪደር ላይ ስንቆም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁልፎቹን እንኳን አታይም። ዝም ብላ ነው የምትነካካው። ትርጉም ያለው ነገር መጠበቅ...» ካልሲውን ለውጧል። በተቀደደው ይሻለኝ ነበር።

በሩ ክፍት ነበር። ሰምታ ይሆን?

ነሐሴ 3

ስለዚህ ቀን አጭር ነው የምጽፈው። ትሪ ይዤ ስገባ ምንጣፉ ጠለፈኝ። ሾርባው ግድግዳውን ቀባው። እኔ በጀርባዬ፤ ጣሪያው ላይ ሸረሪት ድር እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ቶሎ መነሳት አልፈለግኩም፤ ያለሁበት ተመችቶኛል ብዬ ነው። ከአልጋው «ላ፣ ላ፣ ላ፣ ላ» ትላለች። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ። ስልኩ ከእጇ በትንሽ ይርቃል። ዘረጋች፣ አልደረሰችበትም።

ስነሳ መስኮቱ ጨልሞ ነበር።

«ሽው እንዳልኩ አየሽ? በዚህ ዕድሜ!» አልኳት። አለቀሰች። ሾርባዋንም አልበላች።

ምንጣፉን ጠቅልዬ ሥራ ቤት ወረወርኩት። ጥፋቱ የእሱ ነው።

ነሐሴ 6

ልጄ ደወለች። «እንዴት ናችሁ አባዬ?»

«እንደ ሙሽሮች።»

«እማዬ ጻፈች?»

«እየተሟሟቀች ነው።»

ጣቶቿ ብርድ ልብሱን እንደዚህ ፈጥነው ሲመቱት አይቼ አላውቅም። ስልኩን ሳስቀምጥ ቆሙ።

ነሐሴ 7

ስቲከሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ይሆናል ብዬ በትልልቁ ሠራሁ። በደማቅ ቀይ። የፊደላቱን ተርታ አልነካሁም፣ እሱ ላይ እንከን የለም።

ፅዝልዝ ልኽስ።

ለምን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት? የሚነካካ ሰው እንዲህ ይደጋግማል? ደክሞኛል። ነገ አስብበታለሁ።

ነሐሴ 12

ጓደኛዋ መጣች። በዚያ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያረጁ ናቸው። መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ነው፣ ምላሷ ግን አልደበዘዘም።

«አሁንም አልሞትክም?» አለችኝ በር ላይ።

«አንቺን ልቅበር ብዬ ነው የቆየሁት።»

አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የባለቤቴን ፀጉር ታስተካክል ጀመር። እኔም ስለ ኪቦርዱ ድካሜ እያወራሁላት ነበር። ድንገት እጇን አነሳች።

«አንተ፣ እስቲ ዝም በል።»

ብርድ ልብሱን ነው የምታየው፣ የባለቤቴን ጣቶች። የራሷ ጣቶች ጉልበቷ ላይ ይንቀሳቀሱ ጀመር፤ እኩል እየተከተሉ፣ እየቆሙ፣ እየጀመሩ። ከዚያ ከንፈሯ።

«አባትሽ ወደቀ» አለች።

«ምን?»

«እሷ ናት የምትለው። አባትሽ ወደቀ፣ አባትሽ ወደቀ። ሌላ የለም፣ እሱኑ ነው የምትደጋግመው።» ዞር አለችብኝ። «መቼ ወደቅህ?»

እኔ ሸሚዜን ጎተት አድርጌ ጎኔን ሸፈንኩ።

ባለቤቴ የጓደኛዋን እጅ ይዛ «ላ፣ ላ» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ጓደኛዋ ወደ ኪቦርዱ ሄደች። ቀዩን ስቲከሬን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይህን የሠራው የትኛው አህያ ነው?»

«ፊትሽ የቆመው።»

«ታይፒስት ቁልፍ ታያለች እንዴ? እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ወረቀቱን እያየን ነው የመታነው። ጣት ነው የሚያውቀው። ቁልፍ የሚያየው መካኒክ ብቻ ነው! አንተ ከሥሩ ሆነህ ፊደሎቹን አፈረስክና እሷ ደግሞ በድሮ ቦታቸው ትፈልጋቸዋለች።»

እውነት ነው። እንደ መትረየስ ስትመታ ጎንበስ ብላ አይቻት አላውቅም። እኔን ነበር የምታየው። እየመታች ታናግረኝ ነበር እኮ! ይህን እያወቅኩ።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ያዝኳት። «ለልጄ አትንገሪብኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ? የምትናገረው እሷ ናት። አፏ ላይ ስቲከር የለጠፍከው አንተ ነህ፤ አንተው ላጠው።»

ነሐሴ 13

ዛሬ ጊዜ አልነበረኝም።

ነሐሴ 14

ዝናብ። ስቲከር በዝናብ አይላጥም።

ነሐሴ 16

የልጅ ልጄን ጠየቅኳት፤ የፋብሪካውን አቀማመጥ ለመመለስ ምን ያስፈልጋል? «አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው አባባ። ምነው?» እንዲያው ነው አልኳት። አንድ ጊዜ መጫን። ቢያንስ ከባድ ቢሆን ኖሮ ሰበብ ይሆነኝ ነበር።

ያጠፋሁት ገጽ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ማታ ማታ እኮ ጠርጌ ነው የማስተኛት።

ካልነካሁት ምን ይሆናል? ሐኪሙ ዝም ብላ ነው የምትነካካው ብሏል። ልጄ ትመጣለች፣ እማዬ አልቻለችም ትላለች፣ ያኔም እንሄዳለን። ከነካሁት ደግሞ እሷ ራሷ ትናገርና እንሄዳለን። በሁለቱም በር የሚወጣው ይኸው ሻንጣ ነው። ታዲያ ለምን እጄ አይሄድም?

እጄ የማይሄደው ሌላ ነገር ስላለ ነው። እስከ ዛሬ እሷን የማስታምማት እኔ ነበርኩ።

ነሐሴ 19

ደረጃው። የታችኛዎቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ ከላይ ቢሆን ኖሮ ማን ይጽፍ ነበር። መጠገኛው ወለል ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ከላይ ምንም ድምፅ የለም። «ላ» እንኳን የለም። ልጠራት ፈለግኩ፣ ግን ጠርቻት ምን ልታደርግ?

ቀስ ብዬ በቂጤ ወጣሁ፣ እንደ ሕፃን። ስደርስ ዓይኗ በሩ ላይ ነው፣ ጣቶቿ ብርድ ልብሱ ላይ። በፍጥነት ሳይሆን ቀስ ብለው። አንድ፣ እረፍት፣ አንድ። ለማንም የማይደርስ ነገር እየጻፈች።

አጠገቧ ተቀምጬ ስቲከሩን በጥፍሬ ላጥኩ። ኮምፒውተሩንም አንዴ ተጫንኩት። «ይኸው» አልኳት፣ «የሰካራሙን አቀማመጥ መለስኩልሽ።»

ኪቦርዱን አላቀረብኩላትም። ልጄ ትምጣ። መናገሩ ለሷ ነውና።

ነሐሴ 28

ልጄ ጠዋት ገባች። ካርቶንና ማሸጊያ ይዛ ነው የመጣችው፣ ከበሩ ኋላ ደብቃዋለች፤ አይቻለሁ።

እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻት፣ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አኖረችላት። «እሺ እማዬ፣ ቃሉ ያንቺ ነው። ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ ወይስ እዚሁ ትሆኛለሽ?»

ባለቤቴ ኪቦርዱን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ፣ እንደ ድሮው። ጣቶቿ ወረዱ።

አብውክ ውቅዕ

«ጻፈች እኮ!» አለች ልጄ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «አባዬ፣ ምን ማለት ነው?»

እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጓደኛዋ የለችም፣ ሐኪሙ የለም። ‹እዚሁ እሆናለሁ ነው የምትለው› ብል ማን ይጠይቀኛል? ቃሉ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሞቅ ብሎ። ባለቤቴ አላስጠነቀቀችኝም፣ አልተቆጣችም፣ «ላ» እንኳን አላለችም። ጠበቀችኝ ብቻ።

«‹አባትሽ ወደቀ› ነው የምትለው።»

ልጄ ቀና አለች። «መቼ?»

«የቱን ልንገርሽ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሁለታችንንም አፈራርቃ አየችን። «ስንት ጊዜ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ሁለቴ።»

ቁልፎቹ ተንቀጫቀጩ። ዞር ስል ስክሪኑ ላይ፦

ክዝአብ

ይህችን ለማንበብ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ልጄ «ምን አለች?» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ መቆጣጠር ያቃተኝ ሳቄን ይሁን ለቅሶዬን አላውቅም። ስንት ወር ሙሉ በስሜ የጠራኝ አልነበረም።

«እሺ» አልኩ። «አራቴ ነው።»

ነሐሴ 30

ልጄ ታሽጋለች። መፍቻዎቼን በጨርቅ ስትጠቀልል አየኋት፤ የትኛው ለምን እንደሆነ ስለማታውቅ ሁሉንም እኩል ነው የምትጠነቀቅላቸው። መጠገኛውን ራሴ ልቆልፍ ብዬ ነበር፤ ደረጃውን አትወርድም አለችኝና ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። ሰጠኋት።

ኪቦርዱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው፣ መኪና ውስጥ፣ ጭኔ ላይ።

ከተናገረች ወዲህ ጣቶቿ ብርድ ልብሱን አልነኩም። እጇ ዝም ብሎ ተኝቷል። እንቅልፍም ወስዷታል፣ ድብን ያለ እንቅልፍ። እኔን ግን ያ የጣቶቿ ኳኳታ ጠፍቶብኝ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ደጋግሜ ቀና እያልኩ አያታለሁ፣ ምናልባት ሌላ ነገር መጻፍ ጀምራ እንደሆነ።